የጉና ሥር ማጀት

በጉና ሥር ክረምት ሲገባ ከሁሉ ቀድሞ የሚያልቀው ጤፍ ነው። ድሮውንም ጤፍ የእኛ ማሳ እህል አልነበረም፤ ከወይና ደጋው በአህያ ተጭኖ የሚመጣ፣ ለበዓልና ለእንግዳ ተብሎ በትንሿ ጎታ የሚቀመጥ ነበር። የእኛ እህል ገብስ ነው። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ ነው፤ ርብና ጉማራ ከእሱ ተነሥተው ወደ ጣና ይወርዳሉ፣ ብርዱ ደግሞ ወደ እኛ ይወርዳል። ከደብረ ታቦር ወደ ጋይንት በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ገሳይ ይህን ብርድ ለብሳ የምትኖር ከተማ ናት። የተወለድሁት እዚያ ነው፤ ስለ ምግብ ባሰብሁ ቁጥር ልቤ የሚሄደውም ወደ እናቴ ማጀት ነው።

ሰው ስለ አገር ቤት ምግብ ሲያወራ ሁሉም ነገር ከጥንት እንደዚያው የነበረ፣ ከእናት ወደ ልጅ ሳይነካ የተላለፈ ያስመስለዋል። እኔ ያደግሁበት ማጀት እንዲያ አልነበረም። እናቴና ጎረቤቶቿ የማይሞክሩት ነገር አልነበረም። አዲስ ነገር ከገበያ ሲመጣ ያሸቱታል፣ ይቀምሱታል፣ በጥቂቱ አቡክተው ይጋግሩታል፤ ካልሆነ ለከብት ይሰጣል፣ ከሆነ ደግሞ በሳምንቱ ከጎረቤት ጎረቤት ይዞራል። ያን ሁሉ ሲሠሩ ግን ተመራመሩ ያላቸው ሰው አልነበረም። ሴት ልጅ ባለሙያ ናት ይባላል፣ በዚያው ይቀራል። ይህ ሁልጊዜ ይቆረቁረኛል።

መቼም ከአንድ ገብስ ስንት ነገር ይወጣ ነበር! እንጀራው፣ ድፎው፣ ቂጣው፣ ገንፎው፣ ቅንጬው፣ በሶው፣ ጠላው። ለቆሎ የሚሆነው ገብስ ራሱን የቻለ ነው፤ ሰነፍ ቆሎ ይባላል፤ ገለባው በቀላሉ ስለሚለቅ ታምሶ ሲታሽ ፍሬው ወለል ብሎ ይወጣል። እናቴ ይህን ገብስ ከሌላው ጋር ስታስቀምጥ አይቻት አላውቅም። የገብስ እንጀራ ትኩሱን ሲበሉት የሚያክለው የለም፣ ሲያድር ግን ይደርቃል። እሷም ለማታ የጋገረችውን ጠዋት አታቀርብም፤ በሽሮ ትፈተፍተዋለች፣ ወይም ፀሐይ ላይ አስጥታ ድርቆሽ ታደርገዋለች። አባቴ መንገድ ሲወጣ በሶው በአቁማዳ ተቋጥሮ ይሰጠዋል። ጨውና በርበሬ ለብቻው በጨርቅ ይታሰራል። የትም ምንጭ ባገኘበት በጥብጦ ይጠጣል፣ ወይም ጨብጦ ይበላል።

ትምህርት ቤት ከገባሁ በኋላ የገባኝ አንድ ነገር አለ። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ገሳይም ከዚያ አታንስም። በዚህ ከፍታ ውኃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ በ91 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ባቄላው ሲንተከተክ ቢውልም ቶሎ አይበስልም፤ ማገዶው ግን ያልቃል። እናቴ ይህን ቁጥር አታውቅም፤ ሥራዋ ሁሉ ግን በቁጥሩ ልክ የተሠራ ነበር። ባቄላውን ከማታ ትዘፈዝፈዋለች፣ አተሩን ትከካዋለች፣ ሽንብራውን ቆልታ ታስፈጨዋለች። ዱቄት ሆኖ ድስት ውስጥ የሚገባ ነገር በትንሽ ኩበት ይደርሳል። ሽሮ በደጋው ቤት ሁሉ የሠለጠነው ስለሚጣፍጥ ብቻ አይመስለኝም፤ ብርድና የማገዶ እጦት ባለበት አገር ከዚያ የተሻለ መላ የለም።

ድንች ወደ አገራችን የገባው በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1858፣ ሺምፐር በሚባል ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ አማካይነት እንደሆነ ይነገራል። ገበሬው ግን ቶሎ አልተቀበለውም፤ በስፋት መትከል የጀመረው ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ረኀብ ካስተማረው ወዲህ ነው። እኔ ነፍስ ሳውቅ ገሳይና ዙሪያዋ ድንች በድንች ነበሩ። አፈሩ ይወደዋል፣ ብርዱም ይስማማዋል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ገብሱ ገና ሳያሸት፣ ጎታው ባዶ በሚሆንበት በክረምቱ እኩሌታ ይደርሳል። ያን ጊዜ አተር አበባ የሚባለው የአገሬው ዘር ነበር የሚተከለው፤ ጉደኔና በለጠ የሚባሉት የምርምር ዘሮች በኋላ የመጡ ናቸው።

ሆኖም ድንች ክብር አልነበረውም። ልጅ ይበላዋል፣ እረኛ በፍም ጠብሶ ይበላዋል፣ ለእንግዳ ግን አይቀርብም። እንግዳ መጥቶ ቤት ውስጥ ከድንች በቀር ሌላ ከሌለ እናቴ በጓሮ በር ወጥታ እንጀራ ተበድራ ትመለስ ነበር። ይህን ነገር የለወጠው፣ ቢያንስ በእኛ ሰፈር፣ አንድ የቡሄ ዋዜማ ነው።

ቡሄ ለእኛ ተራ በዓል አይደለም። ደብረ ታቦር ስሟን ያገኘችው በዓሉ ከሚታሰብበት ከታቦር ተራራ ነው፤ ነሐሴ 13 የከተማውም የአካባቢውም በዓል ነው። ልጆች ጅራፍ እያጮኽን፣ ሆያ ሆዬ እያልን በየደጁ እንዞራለን፤ እናቶች ሙልሙል ይሰጡናል። ግን ነሐሴ የጎታ ባዶነት ወር ነው። ያን ዓመት ስንዴው ከማለቁም ሌላ የገብሱ ዱቄት ለሁለት ቤት ልጅ የሚበቃ አልነበረም። ባዶ እጅ ልጅ መመለስ ደግሞ ነውር ነው። እናቴ ድንች በልጣጩ ቀቀለች፣ ላጠችው፣ በሙቀጫ ወቀጠችው፤ ሙጫ ሆኖ ቀረ። ሌላ ቀቀለች፤ ይህንን በእጇ እየጨፈለቀች አላመችው። ትኩሱን ከሊጡ ጋር ብትለውሰው እርሾው ሞተ፣ ሊጡ ሳይነሣ ቀረ። በሦስተኛው ድንቹን አቀዘቀዘችው፤ ድንች ውኃ ስለሚይዝም ከምታውቀው የውኃ ልክ ቀነሰች። ቡሃቃው ጠዋት ሲከፈት ሊጡ ክዳኑን ገፍቶት ነበር።

የፍልሰታ ጾም ስለሆነ ቅቤ የለ፣ ወተት የለ። ግን ያ ሙልሙል ሲቆረስ ውስጡ እንደ ጥጥ ነበር። የገብስ ሙልሙል በማግሥቱ ጥርስ ይፈትናል፤ ይህ ግን እስከ ሦስተኛው ቀን ለስልሶ ቆየ። አንዲት ጎረቤታችን፣ በዕድሜም በሙያም ሰፈሩ የሚያከብራቸው ሴት፣ ቀምሰው ዝም አሉ፤ ደግመው ቆረሱ።

«ምን አግብተሽበት ነው እንዲህ የለሰለሰው?»

«እህል ነው እንጂ ሌላ ምን አለኝ፣ እትዬ።»

«አይደለም፤ ይህ ከእህል ብቻ የመጣ አይደለም።»

እናቴ ነገረቻቸው። «ድንች! ለጌታ በዓል ድንች!» ብለው አማተቡ። እሷም አንገቷን ደፋች። በማግሥቱ ጠዋት ግን እኒያው ሴት በሰፌድ ሙሉ ድንች ይዘው፣ ነጠላቸውን አደግድገው በጓሮ በር ገቡ፤ «በይ አሳዪኝ፣ ሞቱን ሳልለውሰው» አሉ። የመጀመሪያው እርሾ መሞቱን ሰምተው ነበርና። ከዚያ በኋላ በሰፈራችን የክረምት ዳቦ ያለ ድንች የሚቦካበት ቤት ጥቂት ነው። እኒያ ሴት ደግሞ ከእናቴ የተማሩትን አሻሻሉት፤ ጥቁር አዝሙድ ጨመሩበት። እናቴ ያን ቀምሳ፣ ከእሳቸው መልሳ ተማረች።

ስለ ማጀት ይህን ያህል ካልሁ ስለ መንገዱም ማለት አለብኝ፤ ምክንያቱም ገሳይን ገሳይ ያደረጋት መንገዱ ነው። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር፣ በገሳይ፣ በጋይንት አድርጎ ወልድያ የሚደርሰውን መንገድ በደርግ ዘመን የሠሩት ቻይናዎች ናቸው፤ የአገሬው ሰው ዛሬም የቻይና መንገድ ይለዋል። አውቶቡሱ ሲቆም ሴቶችና ልጆች ቅቅል ድንች፣ ቅቅል እንቁላልና ቆሎ ይዘው በየመስኮቱ ይሮጣሉ። ድንቹ ትኩስ ነው፤ ከዳጣ ጋር በወረቀት ይሰጣል፤ የበረዳቸው መንገደኞች መጀመሪያ እጃቸውን ያሞቁበታል፣ ቀጥለው ይበሉታል። እዚያው ከመንገዱ ዳር ሻይ ቤቶች ነበሩ። አግዳሚ ወንበር፣ የጠቆረ ማንቆርቆሪያ፣ በሳሕን የተከመረ ፓስቲ፣ በግድግዳው ላይ የሥላሴ ሥዕል።

ቤት ያለው ሰው ደጅ ሲበላ መታየት ያሳፍረው ነበር። ሻይ ቤት የሾፌርና የረዳት፣ የመንገደኛና የወንደላጤ ቦታ ነው። አባቴ ገበያ ይዞኝ ሲሄድ ሻይ ቤት ከገባን ጀርባውን ለመንገድ ሰጥቶ ይቀመጣል፤ የሚያውቀው ሰው ካለፈ «ልጁ ርቦት ነው» ይላል። እኔ ግን ያን ቦታ ወደድሁት፣ አሁንም እወደዋለሁ። የማያውቅህ ሰው ምግብ ሠርቶ ይሰጥሃል፣ ከማታውቀው ሰው ጋር በአንድ አግዳሚ ትቀመጣለህ፣ የወልድያውን ዝናብና የባሕር ዳሩን ሙቀት ከአፋቸው ትሰማለህ። ዕለቱ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ የሻይ ቤቷ ድስት ይቀየራል፤ ወተቱ ይነሣል፣ ሽሮውና ምስሩ ይገባል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ ስልጆ ይቀርባል፤ የባቄላ ዱቄት በሱፍ ውኃ ተገንፍቶ፣ ሲበርድ ስናፍጭ ተጨምሮበት ቀናት ያደረው፣ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ስልጆ። ከቤታችን ማጀት ውጭ ስልጆ የቀመስሁት እዚያ ነው፤ ሌላ ሴት ሌላ እጅ እንዳላት ያወቅሁትም በዚያ ነው።

አንድ ቀን እዚያው ሻይ ቤት ማካሮኒ በስጎ በላሁ። ቤት ስገባ እናቴ እንደ ዳኛ መረመረችኝ። ሽንኩርቱ ቁሌት ሆኗል ወይስ ጥሬ ነው? በርበሬ አለው? ቀይነቱ ከምን መጣ? ቲማቲም መሆኑን ነገርኋት፤ ያን ጊዜ ቲማቲም ከታች ከፎገራ ሜዳ አልፎ አልፎ የሚመጣ፣ ከእኛ ቤት የማይገባ ነገር ነበር። በሚቀጥለው ገበያ ጥቂት ገዛች። ማካሮኒ ግን አልገዛችም፤ ውድ ነው፣ ደግሞም «ውስጡ ባዶ የሆነ ነገር ለምን እገዛለሁ?» አለች። የገብስ ቅንጬዋን ቀቀለች፣ ውኃውን አጠንፍፋ ስጎውን አፈሰሰችበት፤ ነጭ ሽንኩርትና ትንሽ በሶብላ ጨመረች። ቅንጬ ከቅቤ በቀር ሌላ ባልንጀራ ያለው አይመስለኝም ነበር። ያ ምሳ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። ፍሬው ጥርስ ሥር ይገኛል፣ ስጎው ይይዘዋል፤ የጾም ነው፣ ያጠግባል፤ የሚያወጣውም ገንዘብ የሽንኩርትና የቲማቲም ብቻ ነው።

ነገሩን ለባለ ሻይ ቤቷ የነገርኋት እኔ ነኝ። ልጅ ነኝ፣ ያየሁትን አወራለሁ። እሷም ሳቀች፣ ቀጥላም «እናትህ ትምጣና ታሳየኝ» አለች። ጉዳዩ ቤታችን ውስጥ አመሸ። ሴት ልጅ ሻይ ቤት ገብታ መቀመጥ አይታሰብም፤ ለሥራ መግባት ደግሞ ሌላ ወሬ ያመጣል። አባቴ እሳቱን ሲቆሰቁስ ቆይቶ «ሙያ ልታሳይ ነው እኮ፣ ምን አለበት» አለ። ያችን ቃል አልረሳትም። እናቴ በማግሥቱ ቀሚሷን ቀይራ፣ ቅንጬዋን በአቁማዳ ይዛ ሄደች። በሻይ ቤቷ ጓዳ ከባለቤቲቱ ጋር ሲሠሩ ዋሉ። በመጨረሻ ባለቤቲቱ «ከደጅ ወጥተሽ ተቀመጭ፣ እንግዳዬ ነሽ» ብላ አግዳሚው ላይ አስቀመጠቻት፣ ሻይ ቀዳችላት። እናቴ ሰው ሠርቶ ያቀረበላትን ምግብ፣ ገንዘብ በሚከፈልበት ቤት፣ ተቀምጣ ስትበላ ያየሁት ያን ጊዜ የመጀመሪያ ነው። ጀርባዋን ለመንገድ አልሰጠችም። አውቶቡሱን ፊት ለፊት እያየች በላች። ቅንጬ በስጎ ከዚያ በኋላ የሾፌሮቹ ምሳ ሆነ፤ ከወልድያ ሲመጡ ገና ከመኪና ሳይወርዱ የሚጠይቁ ነበሩ።

ሩዝ ደግሞ ከታች መጣ። የፎገራ ሜዳ ጣና አጠገብ ነው፤ ክረምት ውኃ ይተኛበታል። በ1970ዎቹ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ባሉበት በጅግናና በሻጋ የገበሬ ማኅበራት ሩዝ ተሞከረ፤ ዛሬም በስፋት ከሚዘሩት ዝርያዎች አንዱ ኤክስ ጅግና የሚባለው ነው። ለእኛ ቤት ሲደርስ ከጤፍ ይረክሳል በሚል ዝና ነበር የደረሰው። እናቴ ለብቻው ጋገረችው፤ ዓይኑ አልወጣም፣ ነጭ ሆኖ ይሰነጠቃል። ጤፍ ጨመረች፣ ተሻለ። አብሲቱን ከጤፉ ብቻ ብትጥል የበለጠ ተሻለ። በመጨረሻ ያገኘችው ልክ ሁለት እጅ ጤፍ፣ አንድ እጅ ሩዝ ነው፤ ያም ለዕለቱ እንጂ ለሚያድር አይሆንም። ገብስም ልትጨምርበት ሞከረች፤ ያንን ግን ተወችው፣ ለምን እንደተወችው ስጠይቃት «ተጣሉ» ብቻ አለችኝ። ሩዙን ጠላ ጥንስስ ውስጥ የከተቱ ጎረቤቶች ነበሩ፤ ጠላው ቀላ ያለ፣ ቀለል ያለ ሆነላቸው። እኔ የገብሱን እመርጣለሁ።

አዲስ አበባ ስኖር እርጥብ የሚባለውን ለመድሁ። በየመንገዱ ጠርዝ የሚሸጥ፣ በዳቦ ውስጥ የተጠበሰ ድንችና ቃሪያ፣ ከላይ ዳጣ ወይም አዋዜ የፈሰሰበት፣ በወረቀት ተጠቅልሎ ቆሞ የሚበላ። የከተማ ልጅ ምግብ ነው ይሉታል። ለእኔ የገሳይ አውቶቡስ መስኮት ነው። ያንኑ ድንችና ዳጣ ዳቦ አልብሰው አቆሙት እንጂ ከዚያ አይርቅም። አንድ ነገር ግን ይጎድለዋል፤ የዳቦው ሊጥ ውስጥ ድንች የለም። ይህን ለጓደኞቼ ስነግራቸው ድንች በድንች ምን ይሆናል ይሉኛል፤ እኔ እንደሚሆን አውቃለሁ።

አሁን የእህቴ ልጅ ደብረ ታቦር ላይ ትንሽ ምግብ ቤት አላት። ዩኒቨርሲቲው ተማሪ መቀበል ከጀመረ፣ ከ2004 ዓ.ም ወዲህ፣ የከተማው አበላል ተቀይሯል። ጁስ ቤት፣ በርገር ቤት፣ ፒዛ ቤት አለ፤ ከየአገሩ የመጣ ልጅ የየአገሩን ምግብ ይጠይቃል። ቤት ያለውም ሰው ቤተሰቡን ይዞ እሑድ ከሰዓት ደጅ ይበላል፤ ጀርባውን ለመንገድ የሚሰጥ አላየሁም። የእህቴ ልጅ የምትሸጠው አንዱ ነገር ወፍራም የገብስ ቂጣ ነው፤ ከላዩ ስጎ፣ በስሱ የተቆረጠ ድንች፣ ጎመንና ቃሪያ አለው፤ ከምጣዱ ላይ በአክንባሎ ተከድኖ ከላይም ፍም ይደረግበታል። ተማሪዎቹ የገሳይ ፒዛ ይሉታል። የጾም ነው፣ ዋጋው ከበርገሩ ያንሳል፤ ብዙ ጊዜ ከምሳ ሰዓት በፊት ያልቃል።

እናቴን ባለፈው ክረምት እዚያ ይዣት ሄድሁ። አሁን ዕድሜዋ ገፍቷል፤ ዓይኗ እንደ ድሮው አይደለም፣ ምላሷ ግን ያው ነው። ቂጣው ቀረበላት፣ ቆርሳ አኘከች።

«ሊጡ ውስጥ ድንች አለው» አለች።

«አለው እንጂ፣ እማማ። አቀዝቅዤ ነው የጨመርሁት» አለች የልጅ ልጇ።

«አብዝተሻል። ድንቹ ሲበዛ ገብሱ አይሰማም።»

«ተማሪዎቹ ሲለሰልስ ነው የሚወዱት።»

«ይለስልስ፣ ግን የገብስ ቂጣ ብለሽ እስከሸጥሽ ድረስ ገብሱ ይሰማ። ስንት እጅ በስንት እጅ ነው የለወስሽው?»

ልጅቷ ነገረቻት። እናቴ ጣቶቿን አጥፋ ቆጠረች፣ ራሷን ነቀነቀች፣ ነጠላዋን አደግድጋ ቡሃቃው ወዳለበት ጓዳ ገባች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከውስጥ ሁለቱ ስለ ልኩ ሲከራከሩ ይሰማ ነበር፤ ከአጠገቤ ያለው ተማሪም «አዲሱ ሲወጣ ለእኔም አንድ» ብሎ አዘዘ።